የአንጀት መጋጠሚያ መፍሰስ

የአንጀት መጋጠሚያ መፍሰስ ማለት በቀዶ ጥገና ተቆርጠው የተገናኙ ሁለት የአንጀት ጫፎች በተሰፉበት ቦታ ላይ ክፍተት ተፈጥሮ፣ በአንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ አየር ወይም ዓይነ ምድር ወደ ሆድ ዕቃ ክፍተት ሲወጣ የሚከሰት የጤና ችግር ነው። ሁለቱ ጫፎች የተገናኙበት ቦታ በሕክምና አጠራር አናስቶሞሲስ ይባላል። አንጀት በካንሰር፣ በመጠምዘዝ፣ በመታነቅ፣ በጥይት ወይም በስለት ጉዳት ምክንያት ሲቆረጥ ቀሪዎቹን ጫፎች ማጋጠም የተለመደ ነው። ስለዚህ ችግሩ የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ሁሉ የሚያጋጥምና ሐኪሞች አብዝተው የሚፈሩት ነው።

የመፍሰሱ ዕድል እንደ መጋጠሚያው ቦታ ይለያያል። ትንሹ አንጀት ከትንሹ አንጀት ጋር ሲጋጠም ከ100 ሕመምተኞች ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ገደማ ይደርሳል። ትልቁ አንጀት ከፊንጢጣ በላይ ካለው የመጨረሻ የአንጀት ክፍል ማለትም ከሬክተም ጋር በጣም ዝቅ ብሎ ሲጋጠም ግን ቁጥሩ ከ100 ወደ 10፣ አንዳንዴም ወደ 20 ይጠጋል።

ስለዚህ ችግር የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ቀዳዳውን ደግመው አይሰፉትም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአብዛኛው ስፌቱ ደግሞ ስለሚከፈት ነው የሚል ነው። የሕክምናው ዋና ሥራ የሚፈሰውን ነገር ከሆድ ማውጣት፣ ተጨማሪ እንዳይፈስ መንገዱን ማስቀየር፣ ኢንፌክሽኑን ማጥፋትና ሰውነት ራሱን እስኪጠግን ሕመምተኛውን መመገብ ነው።

መጋጠሚያው እንዴት ይድናል?

የአንጀት ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ አራት ንብርብር አለው። ከእነዚህ መካከል ክርን አጥብቆ የሚይዘው ሰብሙኮዛ የሚባለው ሁለተኛው ንብርብር ነው። በውስጡ ኮላጅን የተባለው ጠንካራ የፕሮቲን ክር በብዛት ይገኛል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት በመጋጠሚያው ዙሪያ ያለው አሮጌ ኮላጅን የሚፈርሰው አዲሱ ከሚሠራበት ፍጥነት በላይ ነው። በእነዚህ ቀናት ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ የሚያቆያቸው የሐኪሙ ክር ወይም የስቴፕለር ሽቦ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አዲሱ ኮላጅን እያየለ ይሄዳል። አብዛኛው መፍሰስ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ መታወቁ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ እውቀት የተሰበሰበው ቀስ በቀስ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ሌምቤር እ.ኤ.አ. በ1826 የአንጀት ጫፎች ሲሰፉ የውጭ ሽፋናቸው እርስ በርሱ መነካካት እንዳለበት አሳየ። ከእርሱ በፊት የተሰፋ አንጀት ይዘው በሕይወት የሚተርፉ ጥቂቶች ነበሩ። አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1887 በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ የሰብሙኮዛን ወሳኝነት አረጋገጠ። የቺካጎው ጆን መርፊ እ.ኤ.አ. በ1892 ሁለቱን ጫፎች ያለ ክር የሚያጣብቅ የብረት ቁልፍ አስተዋወቀ። የሃንጋሪው ሑመር ሑልትል እ.ኤ.አ. በ1908 ቡዳፔስት ውስጥ የመጀመሪያውን የቀዶ ጥገና ስቴፕለር ተጠቀመ። መሣሪያው ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ስለነበር አልተስፋፋም። ስቴፕለርን ለሥራ ምቹ ያደረጉት የሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ኪየቭን የጎበኘው አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ራቪች መሣሪያውን አይቶ ወደ አገሩ ወሰደው፤ ከዚያም በዓለም ተሰራጨ። ይህ ሁሉ ሆኖ በእጅ የተሰፋም ሆነ በስቴፕለር የተጋጠመ አንጀት ሊፈስ ይችላል።

መጋጠሚያ እንዲድን ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በቂ ደም፣ ያልተወጠረ አንጀትና ሊፈውስ የሚችል ሰውነት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው በሐኪሙ እጅ ናቸው። ሦስተኛው ግን ከሕመምተኛው ጋር የሚመጣ ነው። ሲጋራ ማጨስ፣ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ በምግብ እጥረት መጎዳት፣ የስኳር በሽታ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድና ቀድሞ የተሰጠ የጨረር ሕክምና ዕድሉን ይጨምራሉ። በአስቸኳይ የተሠራ ቀዶ ጥገናና ብዙ ደም መፍሰስም እንዲሁ ናቸው። ወንድ መሆን ራሱ በሬክተም ቀዶ ጥገና ላይ ዕድሉን ከፍ ያደርጋል፤ የወንድ ዳሌ አጥንት ጠባብ በመሆኑ ለሐኪሙ እጅና መሣሪያ ቦታ ይጠበዋል።

ምልክቶችና ምርመራ

መፍሰሱ ጎልቶ ሲመጣ ለመለየት አያስቸግርም። ሕመምተኛው ያተኩሰዋል፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ በሆዱ ውስጥ ከተተወው ማፍሰሻ ቱቦ ወይም ከቁስሉ ሐሞት ወይም ዓይነ ምድር ይወጣል። የሚያስቸግረው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ዛሬ የልብ ምቱ ይፈጥናል፤ መተንፈስ ያጥረዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ግራ ይጋባል ወይም ሽንቱ ይቀንሳል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት የተዛባ የልብ ምት ስለሚሆን የልብ ሕመም ነው ተብሎ ሰዓታት ይባክናሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ሕመምተኞች ትኩሳትም የሆድ ሕመምም ላይታይባቸው ይችላል። ልምድ ያላቸው ነርሶች «ይህ ሰው ዛሬ ደስ አላለኝም» ሲሉ መስማት ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ከደም ምርመራዎች ይበልጥ የሚረዳው በጉበት የሚመረተው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ከማንኛውም ቀዶ ጥገና በኋላ ከፍ ብሎ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ይደርስና ይወርዳል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ መጋጠሚያው የመፍሰሱ ዕድል አነስተኛ ነው። ከዚያ በላይ መሆኑ ግን መፍሰሱን አያረጋግጥም፤ የሳንባ ምች ወይም የቁስል ኢንፌክሽንም ሊያስከትለው ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ሰውን ወደ ቤቱ ለመሸኘት ይበልጥ ይጠቅማል እንጂ ችግሩን ብቻውን ለመወሰን አይበቃም።

ተራ ራጅ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። በሆድ ውስጥ የሚታይ አየር በሌላ ጊዜ የአንጀት መበሳት ምልክት ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ግን ሲሠራ የገባው አየር ራሱ ለቀናት ይቆያል። ዋናው ምርመራ ሲቲ ስካን ነው። መጋጠሚያው ዝቅ ያለ ከሆነ በፊንጢጣ በኩል በምስል ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ ይሰጥና ከአንጀት መውጣት አለመውጣቱ ይታያል። ሲቲ ስካኑም ቢሆን አንዳንዱን መፍሰስ ያመልጠዋል። ሕመምተኛው እየባሰበት ከሆነ «ምስሉ ንጹሕ ነው» ተብሎ አይተውም፤ ምስሉ ይደገማል ወይም ሆዱ ተከፍቶ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

መፍሰስ ሲጠረጠር ሕክምናው ማረጋገጫ አይጠብቅም። አደጋው ሴፕሲስ ነው፤ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ ሳንባ፣ ኩላሊትና ልብ መሥራት የሚያቆሙበት ሁኔታ። የደም ግፊት ከወደቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይጀመራል። መድኃኒቱ የሚመረጠው ኦክስጅን የሚፈልጉትንም የማይፈልጉትንም የአንጀት ባክቴሪያዎች እንዲገድል ሆኖ ነው። ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ የተለመደው መነሻ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ነው። ምግብ በአፍ ይቆማል፤ የሚያስመልሰው ከሆነ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ ቱቦ ይገባል፤ የሽንት መጠን በየሰዓቱ ይለካል። እነዚህ ሁሉ ጊዜ ይገዛሉ፤ የሚፈሰው ነገር ካልቆመ ግን አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የሬክተም ካንሰርን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ቡድን መፍሰስን እንደሚያስፈልገው ሕክምና በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። የመጀመሪያው በምስል የተገኘ ነገር ግን የሕመምተኛውን አያያዝ የማይለውጥ ነው። ሁለተኛው ሕክምና የሚፈልግ፣ ሆኖም ሆድን ዳግመኛ ሳይከፍቱ የሚታከም ነው። ሦስተኛው ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ግድ የሚለው ነው። ክፍፍሉ የተሠራው ለሬክተም ቢሆንም ሐኪሞች ለሌላውም የአንጀት ክፍል ይጠቀሙበታል።

ሆድን ሳይከፍቱ ማከም

ሕመምተኛው የተረጋጋ ሆኖ የፈሰሰው ነገር በአንድ ቦታ ከታቀበ፣ ሰውነት ራሱ በሞራና በአጎራባች አንጀት አጥር ሠርቶለታል ማለት ነው። ትንሽ የመግል ቋጠሮ በአንቲባዮቲክ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ የሆነው ግን በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየታየ በቆዳ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይፈስሳል። ቱቦው ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቀመጣል። የሚወጣው መግል ቀርቶ ዓይነ ምድር መውጣቱን ከቀጠለ መጋጠሚያው ገና አልተዘጋም ማለት ነው፤ ቢሆንም ወደ ውጭ የሚፈስ መንገድ እስካለው ድረስ ሕይወትን ወዲያው የሚያሰጋ ላይሆን ይችላል።

ለዝቅተኛ የሬክተም መጋጠሚያ ሌላ ዘዴ አለ። ከመጋጠሚያው ጀርባ መግል የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ቦታ ሲፈጠር፣ በፊንጢጣ በኩል በኢንዶስኮፕ እየታየ ስፖንጅ ይገባበትና ከሚስብ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። ስፖንጁ መግሉን ይስባል፤ ቁስሉን ያጸዳል፤ ክፍተቱንም ያጠብባል። በየሁለትና ሦስት ቀኑ እየተለወጠ፣ በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል። ዘዴው በ2000ዎቹ በጀርመን ሐኪሞች የተስፋፋ ሲሆን፣ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ወራት የቆየ ጎድጓዳ ቦታ ግድግዳው ስለሚደነድን በቀላሉ አይዘጋም።

ዳግመኛ ቀዶ ጥገና

ፈሳሹ በሆድ ዕቃ ሁሉ ከተሰራጨ ወይም ሕመምተኛው በሕክምና ካልተሻለው ሆዱ ዳግመኛ ይከፈታል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደርገው መግሉንና ዓይነ ምድሩን መጥረግ፣ ሆዱን በብዙ ሊትር ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ማጠብና መጋጠሚያውን ማየት ነው። ቀጥሎ የሚወሰነው የሕመምተኛውን ዕጣ የሚቀይር ነው።

በኢንፌክሽን የተመታ አንጀት ያብጣል፤ ግድግዳው ይሟሽሻል። ክር ሲጎተትበት እንደ ራሰ ወረቀት ይቀደዳል። በዚያ ላይ መጀመሪያ መጋጠሚያውን የከፈተው ምክንያት፣ የደም ማነስም ይሁን የሰውነት መድከም፣ አሁንም አለ፤ እንዲያውም ብሷል። በዚህ ሰዓት ቀዳዳውን ደፍኖ ሆድን መዝጋት ያጓጓል፤ ከቀናት በኋላም ለሦስተኛ ቀዶ ጥገና ይዳርጋል። ደግሞ መስፋት የሚታሰበው ቀዳዳው ትንሽ፣ አንጀቱ ጤናማ፣ ችግሩም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የታወቀ ሲሆን ነው። ያኔም ከመጋጠሚያው በላይ ያለው አንጀት ወደ ሆድ ቆዳ እንዲወጣና ዓይነ ምድሩ በዚያ እንዲወገድ ይደረጋል። ይህ በሆድ ላይ የሚሠራ መውጫ ስቶማ ይባላል፤ ከትንሹ አንጀት ሲሠራ ኢሊዮስቶሚ፣ ከትልቁ ሲሠራ ኮሎስቶሚ ይሆናል።

መጋጠሚያው በሰፊው ከተከፈተ ወይም አንጀቱ ከሞተ ይፈርሳል። የላይኛው ጫፍ ኮሎስቶሚ ሆኖ ይወጣል፤ የታችኛው ተዘግቶ በሆድ ውስጥ ይቀራል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1921 ለካንሰር ባስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም በአንሪ ሃርትማን ስም ይጠራል። ሕመምተኛው ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልኩ ኮሎስቶሚ ይዞ ይኖራል፤ በምትኩ ግን በሆዱ ውስጥ ሊፈስ የሚችል መጋጠሚያ አይቀርበትም። ወጣትና የተረጋጋ ለሆነ ሰው ሐኪሙ መጋጠሚያውን ለማዳን ይደክማል። በሞት አፋፍ ላይ ላለ አዛውንት ግን አጭሩና አስተማማኙ ቀዶ ጥገና የተሻለው ነው።

የትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ሲፈስ ችግሩ ሌላ ነው። በቀን ከምራቅ፣ ከጨጓራ፣ ከሐሞትና ከጣፊያ አጠገብ ካለው ከቆሽት የሚመነጨውና የሚጠጣው ተደምሮ 8 ሊትር ገደማ ፈሳሽ በዚያ ያልፋል። እዚያ ላይ ስቶማ ቢሠራ ሕመምተኛው በጥማትና በረኃብ ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሞች በዚህ ቦታ ደግሞ ማጋጠምን ወይም በቀዳዳው ውስጥ ቱቦ አስገብቶ ፈሳሹን በቁጥጥር ማውጣትን ይመርጣሉ።

አንዳንዴ ሆዱ ከእብጠት የተነሳ ሊዘጋ አይችልም፤ ወይም ሕመምተኛው ረጅም ማደንዘዣ አይችልም። ያኔ የሚፈሰው ከቆመ በኋላ ሆዱ በስፖንጅና በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሕመምተኛው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይወሰዳል፤ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ይመለሳል። ቀድሞ በየሁለት ቀኑ ሆድን በቀጠሮ እየከፈቱ ማጠብ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ግን በቀጠሮ መክፈት በሞት ረገድ ብልጫ እንደሌለው አሳየ። ሲያስፈልግ ብቻ የተከፈቱት ያነሰ ቀዶ ጥገና ስለተደረገላቸው አሁን ይህኛው ይመረጣል።

ፊስቱላ

የአንጀት ይዘት በቁስል ወይም በቱቦ ቀዳዳ በኩል ወደ ቆዳ የሚወጣበት ቋሚ መንገድ ሲፈጠር ፊስቱላ ይባላል። በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር በታች የሚያፈስሰው ዝቅተኛ፣ ከ500 በላይ የሚያፈስሰው ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል። እ.ኤ.አ. በ1960 በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች በወጣ ጥናት ፊስቱላ ከነበራቸው ሰዎች 43 በመቶ የሚሆኑት ሞተዋል። ለውጥ ያመጣው በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እነ ስታንሊ ዱድሪክ ሙሉ ምግብን በደም ሥር መስጠት እንደሚቻል ማሳየታቸው ነው። ረኃብ ገዳይ መሆኑ ሲቀር ሐኪሞች ለመጠበቅ አቅም አገኙ።

ዛሬም የፊስቱላ ሕክምና ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መግሉ ይወጣል፤ የጠፋው ጨውና ውሃ ይተካል፤ ቆዳው ከሚያቃጥለው የአንጀት ፈሳሽ በከረጢትና በቅባት ይጠበቃል። የቆዳ እንክብካቤ የነርስ ሥራ ተብሎ የሚናቅ ይመስላል፤ ሕመምተኛው በየቀኑ የሚሠቃየው ግን በዚሁ ነው። ቀጥሎ ምግብ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪና ከ1.5 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይታቀዳል። አንጀቱ የሚችል ከሆነ በአፍ ወይም በቱቦ መመገብ በደም ሥር ከመመገብ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የፊስቱላው መንገድ በምስል ይጠናል።

ብዙዎቹ ፊስቱላዎች የሚዘጉ ከሆነ በስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይዘጋሉ። ከፊስቱላው በታች አንጀቱ ከተዘጋ፣ ካንሰር ወይም ባዕድ ነገር በቦታው ካለ፣ ቦታው በጨረር ከተጎዳ ወይም የአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን ከቆዳው ጋር ከተያያዘ ግን በራሱ አይዘጋም። ያኔ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ ቶሎ ግን አይደረግም። ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና 10ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ለበርካታ ሳምንታት በሆድ ውስጥ ያሉ አካላት በእብጠት እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በዚህ ጊዜ ሆድን የከፈተ ሐኪም አንድ ቀዳዳ ሊዘጋ ገብቶ ሦስት ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ ይህ መጠበቅ ቸልታ ስለሚመስላቸው ምክንያቱን ቀድሞ መንገር ይገባል።

አስቀድሞ መከላከል

ሐኪሙ ዝቅተኛ መጋጠሚያ ከሠራ በኋላ ዳሌውን በውሃ ሞልቶ በፊንጢጣ በኩል አየር ይነፋል፤ አረፋ ከወጣ መጋጠሚያው ያስተነፍሳል። ጎማ ጠጋኝ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ እንደሚፈልገው ማለት ነው። የደም ዝውውሩን ለማየት ደግሞ ኢንዶሲያኒን ግሪን የተባለ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ በልዩ ካሜራ ይታያል።

ለሬክተም መጋጠሚያ አስቀድሞ ጊዜያዊ ኢሊዮስቶሚ መሥራት ጉዳቱን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና 234 ሕመምተኞችን የያዘ የስዊድን ጥናት፣ ስቶማ ከተሠራላቸው ምልክት ያለው መፍሰስ የደረሰባቸው 10.3 በመቶ፣ ካልተሠራላቸው ደግሞ 28 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስቶማው ራሱ ግን ያለ ዋጋ አይመጣም፤ ብዙ የሚያፈስስ ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ውሃና ጨው ያልቅበታል። ጥማቱን በንጹሕ ውሃ ብቻ ለማርካት ሲሞክር ፈሳሹ ይብሳል፤ ኦ.አር.ኤስ ይሻለዋል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚነሳው ከካንሰር ይልቅ በአንጀት መጠምዘዝ ነው። ሲግሞይድ የተባለው የትልቁ አንጀት ክፍል መጠምዘዝ በአገሪቱ ለትልቁ አንጀት መዘጋት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው። የተጠመዘዘው አንጀት ገና ሕያው ከሆነና ሕመምተኛው ከበረታ ቆርጦ ማጋጠም ይቻላል። ከሩቅ ገጠር ከቀናት በኋላ ደርሶ አንጀቱ ጠቁሮ ከተገኘ ግን ብዙ ጊዜ የሃርትማን ዘዴ ይመረጣል። የኮሎስቶሚ ከረጢት በቀላሉ በማይገኝበት አካባቢ ለሚኖር ገበሬ ይህ ውሳኔ ከባድ ነው፤ ሐኪሙም መፍሰስን ሲፈራ ይህን አብሮ ይመዝናል።

ከዳኑ በኋላ

ጊዜያዊ ኢሊዮስቶሚ የታችኛው መጋጠሚያ መዳኑ በምስልና በጣት ምርመራ ከታየ በኋላ ይዘጋል፤ መፍሰስ ባልነበረበት ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ በነበረበት ደግሞ ዘግይቶ ነው። የሃርትማን ኮሎስቶሚን መልሶ መዝጋት ከባድ ቀዶ ጥገና ስለሆነ ብዙዎች ሳያስዘጉት ይቀራሉ። መፍሰስ የደረሰበት የሬክተም መጋጠሚያ በጠባሳ ሊጠብና በፊኛ ማስፋት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ዓይነ ምድርን የመቆጣጠር አቅምም ሊዳከም ይችላል። በካንሰር ምክንያት ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ደግሞ ኬሞቴራፒው ይዘገያል፤ የሬክተም ካንሰር በቦታው የመመለስ ዕድሉም መፍሰስ ካልደረሰባቸው ሰዎች ከፍ ብሎ ተገኝቷል።